ለአባቴ ያወፈርሁት ውሃ

የማስተምረው ትምህርት ስሙ ረጅም ስለሆነ፣ ሰው ሲጠይቀኝ አሳጥሬ «ስለ ፈሳሽ ነው» እላለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ይኸን ስትሰማ፣ «ፈሳሽማ ራሱ ይፈስሳል፤ አስተማሪ ምን ያደርግለታል?» ብላ ሳቀችብኝ። ስለ ውሃ ከሆነ እውነቷን ነው። ውሃ ቀስ ብለው ቢቀዱትም ተቻኩለው ቢደፉትም ጠባዩ አንድ ነው። የእኔ ትምህርት ግን ጠባያቸው ስለሚለዋወጥ ፈሳሾች ነው፤ ሲያማስሏቸው ስለሚቀጥኑ፣ ሲመቷቸው ስለሚጠነክሩ፣ ሲስቧቸው ስለሚረዝሙ። ሊጥ፣ ቀለም፣ ደም፣ አጥሚት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ይኸን ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ቁጡ ነች ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

በየዓመቱ በሦስተኛው ሳምንት የምሰጠው አንድ ትምህርት አለ። ሰሌዳው ላይ ትንሽ ካሬ እሥልና፣ «ይኸ በሚፈስስ ነገር ውስጥ ያለ ቁራሽ ነው። ምን ይሆናል?» እላለሁ። መልሱ ሦስት ነው። ፍሰቱ የሚያዞር ብቻ ከሆነ ካሬው ይዞራል እንጂ ካሬነቱን አይለቅም፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አረፋ ባለበት ሲሽከረከር እንደሚታየው። ፍሰቱ የሚስብ ከሆነ ካሬው ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ካልቻለም ይበጠሳል። ሦስተኛው አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ የሚንሸራተትበት ነው፤ ያኔ ካሬው ያጋድላል። መንሸራተት ግማሹ መዞር፣ ግማሹ መሳብ ነው። ይኸን ካስረዳሁ በኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለችኝ፦ «ፍሰቱ የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ምንም ነገር አትለኩ።» ምክንያቱም ሲንሸራተቱ እኩል ወፍራም የሆኑ ሁለት ፈሳሾች፣ ሲሳቡ አንዱ ክር ሌላው ብጥስጣሽ ሊሆን ይችላል። ይኸን ፈተና ላይ ያልጻፈ ተማሪ ከእኔ ነጥብ አያገኝም።

አባቴ ማር ነጋዴ ነበሩ። ከደልጊም ከመሸንቲም ማር ይዞ የሚመጣ ሰው ሱቃቸው ሲደርስ አይቀምሱለትም። በእንጨት ማንኪያ ጨልፈው ወደ ላይ ይስቡና ክሩ የት ላይ እንደሚበጠስ ያያሉ፤ ስኳር የገባበትን በዚያ ይለዩታል። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርቱ ገና ትኩስ ሆኖብኝ፣ «አባባ፣ ይኸ እኮ በመሣሪያ ነው የሚለካ» አልኋቸው።

«መሣሪያው ገበያ ይወጣል?» አሉኝ።

«አይወጣም።»

«እንግዲያ እኔው ልውጣ» ብለው ማንኪያቸውን ይዘው ሄዱ። እናቴን አንቺ፣ እሳቸውን እርስዎ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ የምፈራው ግን እናቴን ነበር። አባቴን መፍራት አይቻልም። ሲቆጡ እንኳ መጨረሻው ላይ ይስቁ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለሱብሒ ሰላት ሊነሡ ሲሉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጃቸውና የአፋቸው ቀኝ ጎን አልታዘዝ አላቸው፤ ንግግራቸው የሚገባው ለምናውቃቸው ለእናቴና ለእኔ ብቻ ሆነ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ፣ ከእንግዲህ ትልቁ ነገር አዋዋጣቸው እንደሆነ ነገረን። ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት፣ ቀጭን የሆነ ሁሉ ጉሮሯቸው ሳይዘጋጅ ቀድሞ ስለሚወርድ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። «እንደ ማር የወፈረ ነገር ብቻ ስጧቸው» አለ። አባቴ ከተኙበት ሆነው በግማሽ አፋቸው ሳቁ። «ማርማ አለን» አሉ።

ሌላ ልጅ ቢሆን ይኸን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔን ደስ አለኝ። ነውር ነው፤ ግን እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተነሣሁ። ሌሎች ሰዎች አባታቸው ሲታመም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ የእኔ አባት ሕመም ግን እኔ የማውቀው ሕመም ሆኖ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቴ ሊጠቅም ነው ብዬ ኩራቴን ደብቄ ወጣሁ።

ከአባቴ ሱቅ ማር በብልቃጥ ይዤ ወደ ቤተ ሙከራችን ሄድሁ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ኩባያ ውስጥ ዘንግ ይሽከረከራል፣ ፈሳሹ ዘንጉን ምን ያህል እንደያዘው ቁጥር ይነግራል። የማሩን ቁጥር መዘገብሁ። ከዚያ የበቆሎ ስታርች በውሃ እያፈላሁ፣ እያቀዘቀዝሁ፣ አራት ቀን ሙሉ ለካሁ። ሲቀጥን ጨመርሁ፣ ሲበዛ ቀነስሁ። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ ከማሩ ቁጥር ጋር ገጠመ። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

እናቴ በዚያው ሳምንት ተልባ ዘፍዝፋ አጥልላ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገውን በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች።

«በረመዳን የምንጠጣው ይኸ አይደል? ጉሮሮ አያስቸግርም። ተያይዞ ነው የሚወርድ» አለችኝ።

እሷን ላለማስቀየም ወስጄ ለካሁት። ቁጥሩ ከማሩ በጣም ያነሰ ሆነ። ወረቀቱን አምጥቼ አሳየኋት፤ ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ።

«ከማሩ ይቀጥናል፣ እማ።»

«እኔ እኮ አወራረዱን ነው የምልሽ።»

«እማ፣ ይኸ የእኔ ሥራ ነው።»

ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይሉ የለ፤ በአንድ ቁጥር ዝም አሰኘኋት። ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ተልባውን ራሷ ጠጣችው መሰለኝ፤ ምግብ የምትደፋ ሴት አይደለችም።

የመጀመሪያውን ኩባያ ለአባቴ ሳቀርብ ትራሳቸውን ከፍ አድርጌ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ አኖርሁ። «ተለክቶ የመጣ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። ኩባያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «የተማረ ይግደለኝ» አሉ። በእኔ ደስ ሲላቸው የሚሏት ነገር ነበረች፤ ቃሏ አፋቸው ውስጥ ተኮላትፋ ወጣች እንጂ ሳቃቸው የድሮው ነበር። ሁለት ማንኪያ ዋጡ። በሦስተኛው ትን አላቸው።

ከዚያ በኋላም ትን ማለቱ አልተዋቸውም። ጠዋትም ትን ይላቸዋል፣ ማታም ትን ይላቸዋል፤ ዐይናቸው እንባ እስኪያቀርር ያስላቸዋል። እኔ ጀርባቸውን እደባብሳለሁ፤ ቀጥኗል ማለት ነው ብዬ በማግስቱ ስታርች እጨምራለሁ። ቁጥሩ ከማሩም አልፎ ሄደ። ስንት ጊዜ እንዳሳላቸው አንድም ቀን አልጻፍሁም፤ ደብተሬ የውፍረት ደብተር ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ውሃ መለመናቸው ነበር። ሰው ፊት እጃቸውን ዘርግተው የማያውቁ ሰውዬ፣ «ትንሽ ውሃ፣ ልጄ» ይሉኛል። እኔ ኩባያዬን አቀርባለሁ።

«ይኸም ውሃ ነው፣ ወፍሮ ነው እንጂ።»

«ውሃማ አውቃለሁ» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ።

መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ይናፈሱ ብዬ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው። ዝናቡ አባርቶ ጣና እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። አንድ ቀዛፊ የደንገል ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ፣ ከጀሪካን ውሃ አፉ ላይ አንቆርቁሮ ጠጣ፤ ጠጥቶም አፉን በክንዱ ጠረገ። አባቴ ሰውዬው እስኪሄድ ድረስ ዐይናቸውን አልነቀሉበትም። ከዚያ ሐይቁን አዩ። «ይኸን ሁሉ ውሃ» አሉ። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? ፔርሙዙን ከፈትሁና ስታርቹን በማንኪያ አቀረብሁላቸው። ዋጡልኝ። ለራሳቸው ብለው አይደለም፤ አራት ቀን መሣሪያ ላይ አጎንብሳ የዋለች ልጃቸው እንዳይከፋት ብለው ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ትኩሳት ያዛቸው። ትንፋሻቸው እየከበደ ሲሄድ ሆስፒታል አስገባናቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው ውስጥ የገባ ነገር እንዳለ ነገረን፤ ምን ስንሰጣቸው እንደቆየን ጠየቀ። «ተለክቶ የወፈረ ብቻ» አልሁት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። እናቴ ከጎኔ ቆማ ነበር። ወለሉን ታይ ነበር።

ልብስ ልወስድላቸው ወደ ቤት ስመለስ አልጋቸው ሥር ብርጭቆ አገኘሁ። ግማሽ ድረስ ውሃ አለበት። ውሃውን ደፍቼ ብርጭቆውን በቦርሳዬ ያዝሁና ተመለስሁ። እናቴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ብርጭቆውን አውጥቼ ፊት ለፊቷ አቆምሁት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ሻርፗን ወደ ፊት ሳበች። «አንድ አንድ ጉንጭ ነው» አለች። «አንቺ ሥራ ስትሄጅ ሲለምኑኝ ጊዜ።»

አልጮህሁባትም። ብጮህባት ይሻል ነበር። «አየሽ?» ብቻ አልኋት። ብርጭቆውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ፤ ወደ አባቴም ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አባቴ ሞቱ። የዚያኑ ዕለት ወንዶቹ ጀናዛቸውን ተሸክመው ወጡ፣ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ብዙ ነበር፤ ማር የሸጡላቸው ገበሬዎች ሳይቀሩ ከሐይቁ ማዶ መጡ። እናቴ በእነዚያ ቀኖች ሁሉ ከጎኔ ተቀምጣ አንዴም ዐይኔን አላየችም። ሐዘን ነው አልሁ። ውስጤ ያለው ግን ንዴት ነበር፤ ባታጠጣቸው ኖሮ እያልሁ እሷን ከአጠገቧ ተቀምጬ እከስሳት ነበር። ይኸንንም መደበቅ አልፈልግም።

በእኛ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። እናቴ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ተቀመጠች። ከሞታቸው ዐሥር ቀን እንዳለፈ መጾም ጀመረች። ለአባቴ ብላ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ቀኖቹ ግን አላባራ አሉ። ጨጓራዋ እንደሚያማት ስለማውቅ አንድ ጠዋት፣ «እንግዲያ ሰኞና ሐሙስ ብቻ አድርጊው» አልኋት።

«ይኸ እንዲያ አይደለም» አለችኝ።

ምን ዓይነት ጾም እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ ላይ የሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ደረሰ። ካሬውን ሣልሁ፤ መዞርን፣ መሳብን፣ መንሸራተትን እንደ ወትሮዬ ዘረዘርሁ። ዐረፍተ ነገሬንም ተናገርሁ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ስንውጥስ የትኛው ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ሲመጣ ቁጣዬ ይበርዳል፤ ፊቴን ወደ ሰሌዳው መልሼ አፍና ጉሮሮ እየሣልሁ መመለስ ጀመርሁ። «ምላስ ጉርሻውን ከላንቃ ጋር ጨምቆ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጉሮሮ ሲደርስ ፊተኛው ጫፍ ይፈጥናል፣ ኋለኛው ይዘገያል። ስለዚህ መንሸራተት ቢኖርም ጉርሻው በኃይል ይሳባል። የሚሳብ ከሆነ ደግሞ መያያዝ የሚችል ፈሳሽ አንድ ሆኖ ይወርዳል። መያያዝ የማይችለው ይበጣጠሳል፣ ፍንጣሪው ወደ...» እዚህ ላይ ጠመኔው እጄ ላይ ቆመ።

ተልባ ይያያዛል። ስታርች አይያያዝም። በየዓመቱ ሁለቱን በሁለት ጣቴ እየሳብሁ ለተማሪ የማሳይ እኔው ነኝ። አፍ ውስጥ ደግሞ ምራቅ ስታርቹን እንደሚያቀጥነው ማንም የኬሚስትሪ መምህር ያውቃል። መሣሪያዬ ኩባያ ውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ ነበር፤ የነገረኝ መንሸራተትን ብቻ ነው። አራት ቀን የለካሁት ትክክል ነበር፤ የለካሁት ግን የአባቴን ጉሮሮ አልነበረም። ስታርች በጨመርሁ ቁጥር ይብስባቸው የነበረው ለዚህ ነው። «ተያይዞ ነው የሚወርድ» ብላ እናቴ የፍሰቱን ዓይነት ለይታ ነግራኝ ነበር። ያንን ያልጻፈ ተማሪ ነጥብ አያገኝም።

ክፍሉን ለቀቅሁት። ልጆቹ ዓይኔን አይተው አንድም ሳይንጫጩ ወጡ። ባጃጅ ያዝሁና ወደ ቤት ሄድሁ። የስታርቹ ካርቶን አሁንም ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ከጎኑ የእናቴ ተልባ። ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ አዘጋጀሁ።

እናቴ የከሰዓት በኋላውን የዐስር ሰላቷን ሰግዳ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁና ስታርቹን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብሁት፤ ወዲያው ተቆረጠ። ተልባውን ሳብሁት፤ ክር ሆኖ ረዘመ። ሁሉንም ነገርኋት። ምላሱን፣ ጉሮሮውን፣ ዘንጉን፣ የማሩን ቁጥር።

«አባባን የጎዳቸው ውሃው አይደለም፣ እማ። የእኔ ኩባያ ነው።»

ብርጭቆዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ነው» አለች።

«አይደለም።»

«የተማረ ሰው ነገር ማሳመር አያቅተውም። ጾሜ ምን እንደሆነ ሰምተሽ ነው የመጣሽ።»

«ምንድን ነው ጾምሽ?»

መስገጃዋን በእጇ አስተካከለች። «ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሁለት ወር ሳያቋርጥ ይጾማል» አለች። «ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛ ቀኔ ነው።»

ከዚያ በፊት አባቴን ሳጣ አልቅሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ደረቴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሠላሳ ስምንት ቀን፣ በዚያ ጨጓራዋ፣ ባሌን ገደልሁ ብላ እያሰበች፣ እኔ ከጎኗ እየበላሁ እየጠጣሁ።

«ሸኹን ጠየቅሽ?» አልኋት።

«ምን ብዬ? ባሌን ውሃ አጠጥቼ ገደልሁ ብዬ?»

ያን ጊዜ፣ ብርጭቆውን ባገኘሁበት ቀን ልጠይቃት የሚገባኝን ጥያቄ ጠየቅኋት። «ውሃውን ስታጠጫቸው ትን ይላቸው ነበር?»

«አንድም ቀን» አለች። «አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አርጌ፣ በመዳፌ ነበር የማጠጣቸው፣ ጠብ ጠብ አርጌ። ደስ ይላቸው ነበር። ሲጨርሱ ይመርቁኝ ነበር።»

«በእኔ ኩባያስ?»

«እሱንማ ታይው አልነበር።»

«ታዲያ በዐይንሽ እያየሽ እንዴት በራስሽ ፈረድሽ?»

ፊቷን ቀና አድርጋ አየችኝ፤ ከሞታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቁጣ አልነበረባትም። ነገሩ ለምን እንዳልገባኝ የገረማት መሰለች።

«አንቺ ነሻ ‹አየሽ?› ያልሽኝ» አለች።

ከዚያም በኋላ ብዙ ተናገርሁ። ለመንኋት። ሸኹን አስመጥቼ ላነጋግርሽ አልኋት፤ እንቢ አለች። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ጾሙም የእኔ ነው አልኋት፤ «አንቺ ለደግ ብለሽ ነው፤ እኔ ግን አትስጪ ተብዬ ነው የሰጠሁ» አለችኝ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁላት።

ሃያ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር፤ ሁሉንም ጾመችው። በየመግሪቡ ውሃውን የምሰጣት እኔ ነበርሁ። ብርጭቆውን ትቀበለኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ትጠጣለች፤ በእኔ ፊት ውሃ መጠጣት አፍራ።